ቦርሳ ያወፈራቸው ልጆች

የሕፃናት ጤና የአገር ሀብት መሆኑን ከሁሉም አስቀድመው የተረዱት፣ ሕፃናቱን በሪፖርት ብቻ የሚያውቋቸው ርዕሰ መምህር ናቸው። ስለዚህ «ተማሪውም መምህሩም ይመዘን፤ ክብደቱ ለቁመቱ የማይመጥን ይለይ» የሚል ደብዳቤ ከበላይ ሲደርሳቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት። በሦስተኛው ኮሚቴ አቋቋሙ።

ሚዛኑ ቢሯቸው በር ላይ ተቀመጠ። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። ባለፈው ዓመት ቦርሳ እየጠፋ ሲያስቸግር፣ «ማንም ሰው በግቢው ውስጥ የያዘውን ቦርሳ ከትከሻው እንዳያወርድ» የሚል መመሪያ አውጥተዋል። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚባለው መቼም ፊርማና ማኅተም ለሌለው ሰው ነው።

«ቦርሳቸውን ያውርዱና እንመዝናቸው» አለች ለምዘናው የመጣችው ነርስ።

«እህቴ፣ መመሪያ ለአንድ ሚዛን ተብሎ አይሻርም።»

«ቦርሳው አብሮ ይመዘናል እኮ።»

«ያለ ቦርሳውስ ተማሪ ይባላል?»

የአለቃ ነገር ነውና ነርሷ መጻፍ ጀመረች። በዚህ ጥንቃቄ ከአራት መቶ ተማሪዎች ሦስት መቶ አርባው ወፍራም ሆነው ተገኙ። የቀሩት ስድሳዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ በዕለቱ መጽሐፋቸውን ረስተው የመጡት።

ወፍራም የተባለ ሁሉ፣ ልቡ እንዳይደክም፣ ከሩጫና ደረጃ ከመውጣት በርዕሰ መምህሩ ፊርማ ታገደ። ከታገዱት አንዷ ለቅዳሜው ውድድር ሦስት ወር የተለማመደች፣ ቀጭን የአምስተኛ ክፍል ልጅ ናት። ርዕሰ መምህሩ የዋንጫ መቀበያ ንግግራቸውን የጻፉት በእሷ ተማምነው ነበር፤ ግን ንግግር ሌላ፣ መመሪያ ሌላ። ልጅቷ የእገዳ ደብዳቤዋን አንብባ እራት አልበላም አለች።

በማግስቱ ልብስ ሰፊ እናቷ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ልጇን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ የዚችን ልጅ ቀሚስ በየጊዜው የማጠብበው እኔ ነኝ። የቱ ጋ ነው የወፈረችው?»

«እትዬ፣ ዓይን ይሳሳታል፤ ሚዛን ግን አይሳሳትም።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

ልጅቷ ከነቦርሳዋ ሚዛኑ ላይ ወጣች። አርባ አንድ ኪሎ። እናትየው ቦርሳውን ከልጇ ትከሻ አወለቀችና «ይያዙልኝ» ብላ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠቻቸው። ሲሰጧቸው መቀበል የለመዱ ናቸውና ትከሻቸው ላይ አነገቱት። ሚዛኑ ሠላሳ ሁለት ላይ ቆመ።

ርዕሰ መምህሩ አልደነገጡም። «ይጻፍ» አሉ። «በአንድ ደቂቃ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሳለች። የፕሮግራማችን ውጤት ነው።»

«እንግዲያው ትሩጥ?»

«ትሩጥ እንጂ።»

ልጅቷ ሁለተኛ ቃል ሳትጠብቅ ወደ ሜዳው በረረች። ርዕሰ መምህሩ ቦርሳውን ሊያወርዱ ሲሉ ነርሷ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው መመሪያ በእስክሪብቶዋ ጠቆመች።

«ማንም ሰው ነው የሚለው፣ ጋሼ። ደግሞ መምህራንም ይመዘናሉ ተብሏል፤ በዚያው ይውጡ።»

መመሪያ አክባሪ ናቸው። ወጡ፤ ተመዘኑ፤ ተጻፈ።

ቅዳሜ ልጅቷ አንደኛ ወጣች። የዋንጫው መድረክ አምስት ደረጃ አለው። ርዕሰ መምህሩ ንግግራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እግራቸውን ሲያነሡ፣ ነርሷ በአክብሮት ክንዳቸውን ያዘች።

«ይቅርብዎ፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ልብዎ እንዳይደክም።»