ጋሽ በሪሁን ቦይለር ሲያነጥሩ

በየሀበሻው ቤት ሳይጠራ የሚመጣ አንድ ጠቢብ አለ። የእኛው ክቡር ጋሽ በሪሁን ይባላሉ። ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናሉ፤ ከሥራ ሲወጡ ደግሞ የሚኒሶታን ሀበሻ ቤት ሁሉ ያስተዳድራሉ። የእናንተ ሰፈር በሪሁን ስሙ ሌላ ይሆናል እንጂ አይጠፋም።

ቃላቸው አንዲት ናት፤ "አውቀዋለሁ።" የጥርስ ሕመም ያውቃሉ፣ ኢሚግሬሽን ያውቃሉ፣ ትራንስሚሽን ያውቃሉ። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ያለውን የኤዶሳን ጋራዥ በር "አውቀዋለሁ" ብለው ነካኩት፤ ኤዶሳ ክረምቱን ሙሉ ከመኪናው ላይ በረዶ ሲፍቅ ከረመ። ጋዲሴም ዲሽዋሸሯን ካዩላት ወዲህ ሰሃን የምታጥበው በእጇ ነው። እንዲያም ሆኖ "ይተዉት፣ አይንኩ" የሚላቸው የለም። ታላቅ ናቸው፤ ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ብርቱካን ይዞ የመጣን ትልቅ ሰው ከቤቱ ሥር፣ ከቤዝመንት ማን ደፍሮ ያስወጣል? ባለቤቴ ደጀኔ እንደሆነ ይሉኝታ ሲፈጥረው ነው።

ሴንት ፖል ያለው ቤታችን አሮጌ ነው፤ የሚሞቀው በእንፋሎት ነው። ልጄ አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ሊነሳ ሲል ውሃውን የሚያፈላው ቦይለር ተሰነጠቀ። አዲሱን የገጠመው ሰው ሲሄድ ለደጀኔ በግልጽ ነገረው። አዲስ ብረትና አዲስ ቧንቧ የፋብሪካ ቅባት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቅባቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፍና ሲፈላ አረፋ ይሆናል። "ሰኞ መጥቼ እገፍፈዋለሁ፤ እስከዚያ ቢንኳኳም አትንኩት" አለው።

ቅዳሜ ጋሽ በሪሁን ከነብርቱካናቸው ከተፍ አሉ። መከልከልም አይቻልም፤ የልጄ የክርስትና አባት እሳቸው ናቸው። ልጅ የላቸውም። ማርገዜን የሰሙ ዕለት "ከጥምቀቱ የምቀበለው እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው እንዳታስቡ" ብለው ቃል አስገብተውናል። ለዚያች ቀን ነጭ ሱፍ ልብስ ገዝተው፣ ለሀገሩ ሁሉ ደውለው ነግረዋል።

ቧንቧው ሲንኳኳ ሰምተው ጆሯቸውን አቀኑ። "ቅባት ነው፣ አውቀዋለሁ" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ቅባት ነበር።

"ሰውየው ሰኞ ይመጣል፣ ጋሼ" አለ ደጀኔ፣ ለራሱም በማይሰማ ድምፅ።

"ምን ሰኞ ያደርስሃል? ቅቤ ሲነጠር አይተህ አታውቅም? ታፈላዋለህ፣ አረፋው ይወጣል፣ ትገፍፈዋለህ። ይሄም ያው ነው።"

የሙቀቱን መቆጣጠሪያ ተርሞስታት እስከ ጥጉ ሰቀሉት። ውሃው ሲንተከተክ፣ ቅባቱ የሚወጣበትን የጎን ቧንቧ ወለል አድርገው ከፈቱት። ግማሹ አረፋ ቤዝመንቱን አጠበው፤ ግማሹ በቧንቧ ወደ ላይ ወጥቶ በየክፍሉ ማሞቂያ ራዲያተር መተንፈሻ ጥቁር ውሃ ተፋብን። ሳሎን የሰቀልኩት የልጄ የክርስትና ልብስ ከአንገት እስከ ጫፍ ተዥጎረጎረ። ከዚያ ቦይለሩ ውሃ አነሰኝ ብሎ ራሱን አጠፋ። ውጭው የጥር ብርድ ነው፣ መስኮቱ ከውስጥ በረዶ ሠርቷል።

"ቅቤም እንዲህ አይነጠርም" አልኳቸው ከደረጃው አናት ላይ ቆሜ። "ቅቤ ለስለስ ያለ እሳት ነው የሚፈልገው። ለመሆኑ እርስዎ መቼ አንጥረው ያውቃሉ?" ልጄን ካፖርቴ ውስጥ ከትቼ አደርኩ። አራስ ባልሆን ኖሮ ምን እንደምል እኔ ነኝ የማውቀው።

ቦይለሩን የገጠመው ሰውዬ በስልክ ተገኘ። ውሃው ይሙቅ እንጂ አይፍላ፣ አዲስ ውሃ በስሱ እየተጨመረ በጎን ቧንቧው እርሳስ በሚያክል ቅጥነት ይፍሰስ አለ። ሰዓታት ይፈጃል። አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ሊፈላ ሲል እሳቱን ማጥፋት፣ ሲቀዘቅዝ ማብራት አለበት።

እሑድ ማለዳ ጋሽ በሪሁን በነጭ ሱፋቸው መጡ። ደጀኔ "እኔ ልቅር" አላቸው።

"አባቱ ሳይኖር ክርስትና ይነሳል እንዴ? ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ" ብለው ኮታቸውን አወለቁና ቤዝመንት ወረዱ። እሰይ፣ የእጃቸውን አገኙ አልኩ በሆዴ።

የጥምቀቱ ሰዓት ደረሰ፣ እሳቸው የሉም። ቄሱ "የክርስትና አባቱ የታል?" ሲሉ ደጀኔ ወደ በሩ ዞረ። ደወልኩላቸው።

"አሁን ብተወው ይፈላል። አጥፍቼው ብመጣ ልጁ የሚመለሰው በረዶ ቤት ነው። ሰው ተኩ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የማይደገም ነገር ነው።"

"አውቀዋለሁ" አሉና ዘጉት። ልጄን ሐብተማርያም የሚባል፣ አጠገባችን የቆመ ምእመን ተቀበለው። ከንዴቴ ብዛት እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። በገዛ እጃቸው ራሳቸውንም እኛንም ጉድ ሠሩን።

ስንመለስ ቤቱ ሞቆ ጠበቀን። ቧንቧው ጸጥ ብሏል። እንግዳው ሲበላ ጋሽ በሪሁን ወደ ላይ አልወጡምና ልጄን ታቅፌ ወረድኩ። ባልዲ ደፍተው ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። የነጩ ሱሪ ጉልበት ጠቁሯል፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ቅባት ነው።

"ማን ተቀበለው?" አሉ ቀና ሳይሉ።

"ሐብተማርያም።"

"እሱስ ጨዋ ልጅ ነው" አሉና የጎን ቧንቧውን ዳግም አጠበቁ።

ልጁን ስዘረጋላቸው ብድግ ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። "ኧረ ተይ፣ ሜሮን የተቀባ ልጅ በዚህ እጅ አልነካም።"

"ደክሞኛል፣ ይቀበሉኝ" አልኩና ደረታቸው ላይ አስጠጋሁት። መዳፋቸውን ወደ ውጭ ገልብጠው በክንዳቸው ብቻ አቀፉት። እኔ እኮ የወረድኩት የልቤ እስኪደርስ ልሰድባቸው ነበር።