«ምጥ» የሚለው ቃል ለሁለት ሰዓት ያህል የታገደበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ካሳንቺስ፣ ከባምቢስ ከፍ ብሎ ያለው የእናቶች ክሊኒካችን፣ ሦስተኛ ፎቅ (ማዋለጃው ምድር ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም)
የተጀመረበት ሰዓት፦ 3:00 ተብሎ 3:35
የኮሚቴው ስም፦ የእርግዝናና የወሊድ ቃላት አስተካካይ ኮሚቴ

የተገኙ አባላት
1. አቶ ገብረአምላክ፣ ሥራ አስኪያጅ፦ ሰብሳቢ
2. ዶ/ር ሃይለአብ፣ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም
3. አቶ ሚፍታህ፣ የማስታወቂያና የአፕ ባለሙያ
4. ሀዲያ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ የዘጠኝ ወር ነፍሰ ጡር፦ ጸሐፊ

ያልተገኙ
ሲስተር እጸገነት፣ አዋላጅ፦ ያለ በቂ ምክንያት (እያዋለደች ነበር)
አቶ ደጋጋ እና ወ/ሮ ትበርህ፦ ስልጠና፣ ቢሾፍቱ

ከሰባት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተገለጸ። ጸሐፊዋ ከቁጥር ትገባለች፣ ሐሳብ መስጠት ግን አትችልም። በጠረጴዛው ዙሪያ ወልዶ የሚያውቅ ከእሷ በቀር ባይኖርም ደንብ ደንብ ነው ተብሏል።

አጀንዳ 1፦ «ምጥ» የሚለውን ቃል ስለማስቀረት

ሰብሳቢው ቃሉ ደንበኛ እንደሚያስደነግጥ፣ ቡልጋሪያ አካባቢ የተከፈተው አዲስ ክሊኒክ በራሪ ወረቀቱ ላይ አንድም ቦታ እንዳልጻፈው አስረዱ። ዶ/ር ሃይለአብ ቃሉ የመንደር ወሬ እንጂ ሳይንስ እንዳልሆነ ተናግረው «ከማህፀን ተከታታይ መኮማተር ጋር የተያያዘ ቅድመ ወሊድ ሂደት» ይባል አሉ። አቶ ሚፍታህ «ማለቴ፣ አሪፍ ነው ዶክተር፣ ግን አፑ ላይ አይገባም። ታይፕ አድርጋ ሳትጨርስ በቃ ወልዳለች» ሲሉ ተቃወሙ። ዶክተሩ ያን ሁሉ ዓመት የተማሩት ለስልክ ስክሪን እንዳልሆነ በቁጣ ገለጹ። ከረጅም ውይይት በኋላ «ምጥ» ከ4:10 ጀምሮ በክሊኒኩ ውስጥ በጽሑፍም በአፍም እንዳይነገር ተወሰነ። ተተኪው ቃል በአጀንዳ 3 ይታያል።

4:12 ላይ ጸሐፊዋ ምጥ እንደያዛት ተናግራ ለመውጣት ጠየቀች። ጠዋት ከወሎ ሰፈር በታክሲ ስትመጣ ጀምሮ ወገቧን ሲቆርጣት ነበር። ሰብሳቢው ጥያቄው የቀረበው ከሁለት ደቂቃ በፊት በታገደ ቃል ስለሆነ ለመቀበል እንደሚቸገሩ፣ እሷ ከወጣችም ምልዓተ ጉባኤው እንደሚፈርስ አስረድተው፣ ተተኪው ቃል እስኪጸድቅ እንድትታገሥ አሳሰቡ። ጸሐፊዋ የመለሰችው በቃለ ጉባኤ እንዳይሰፍር ታዟል። አላሰፈርኩም፤ ግን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

አጀንዳ 2፦ ስለ «እንግዴ ልጅ» እና ስለ «የሽርት ውሃ»

ሰብሳቢው እንግዴ ልጅ «ልጅ» ከተባለ ካርድ ይወጣለት ወይ ሲሉ ጠየቁ። ዶ/ር ሃይለአብ ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ። ጉዳዩ እንዲጠና ለካርድ ክፍል ተመራ፤ ካርድ ክፍል ማለት እኔ ነኝ።

«የሽርት ውሃ» ጨዋ ቃል ነው አይደለም የሚለው ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። 4:50 ላይ የጸሐፊዋ የሽርት ውሃ ፈሰሰ። አቶ ሚፍታህ «ሃይላንድ ተደፋ እንዴ?» ብለው ላፕቶፓቸውን አነሡ። ሰብሳቢው ምንጣፉ አዲስ መሆኑን አስታወሱ። ዶክተሩ ክርክር ላይ ስለነበሩ ቀና አላሉም። ከረጅም ውይይት በኋላ በጉዳዩ ላይ ተጨባጭ ማስረጃ ስላልቀረበ ለሌላ ጊዜ እንዲተላለፍ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ለታገደው ቃል ተተኪ ስለመምረጥ

ሦስት ሐሳብ ቀረበ፦ ከላይ የተጻፈው የዶክተሩ ሐረግ፣ የአቶ ሚፍታህ «ሌበር ሞድ» እና የሰብሳቢው «የደስታ ዝግጅት»። ሦስቱም ለየራሳቸው እጅ አወጡ። በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ በአንድ እጇ ጠረጴዛውን ጨምድዳ ሌላውን እጇን ወደ ላይ ወረወረች። ሰብሳቢው ይህንን ለራሳቸው የተሰጠ ድምፅ አድርገው ቆጠሩና «የደስታ ዝግጅት» በሁለት ድምፅ ማለፉን አበሰሩ። ጸሐፊዋም ከአሁን በኋላ በሕጋዊ ቃል ማመልከት ትችላለች አሉ።

ምን ማመልከቻ! ሁለተኛው ልጄ የመጣው በአርባ ደቂቃ ነው። ሦስተኛውን ደረጃ ላይ እንዳልወልድ ፈርቼ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። መዝገቡን በብብቴ ይዤ፣ የደረጃውን ብረት ተደግፌ ሦስት ፎቅ ወረድኩ። ምልዓተ ጉባኤው እንዳይፈርስ ሦስቱም ተከተሉኝ።

5:25 ላይ ስብሰባው በማዋለጃው በር ላይ ቀጠለ። ሰብሳቢው «ሀዲያ፣ አሁንም ስብሰባ ላይ ነሽ አይደል?» ሲሉ በበሩ ክፍተት ጠየቁ። ሲስተር እጸገነት እኔን አልጋ ላይ እያወጣች «አይዞሽ እህቴ፣ ምጡ ገፍቷል» አለችኝ። ሰብሳቢው ከውጭ «የደስታ ዝግጅት ነው የሚባለው!» ብለው አረሙ። ሲስተር «ጋሽ ገብረአምላክ፣ መጀመሪያ ይቅመሱትና ከዚያ ስም ያውጡለት!» አለቻቸው። በሩ ላይ ቆመው ለነበሩት ለዶክተሩም ጓንት ወረወረችላቸው።

ዶ/ር ሃይለአብ አጥልቀው ገቡና ገና ሲያዩኝ «ምጥ ነው! ጭንቅላቱ መጥቷል፣ ምጥ ነው እኮ! ግፊ ሀዲያ!» ብለው ጮኹ። ውሳኔውን በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጊዜ ጥሰዋል። ሲስተር ማርያምን፣ እኔ አላህን ስንጠራ ቆየን። 5:58 ላይ ተገላገልኩ። አልሐምዱሊላህ።

የመጨረሻ ውሳኔ

የሲስተር እጸገነት መገኘት አባላቱን አምስት ስላደረጋቸው፣ ሲስተር እትብት እየቆረጠች ባቀረበችው ሐሳብ፣ ያለ ምንም ውይይት የሚከተለው ተወሰነ፦ ዛሬ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል፤ ምጥ ምጥ ይባላል። የደገፉ አራት። ሰብሳቢው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ተደግፈው ውኃ ይጠጡ ስለነበር ድምፀ ተአቅቦ ተደርጎ ተቆጥሯል።

ስብሰባው 6:05 ላይ ተበትኗል። ከመበተኑ በፊት ክብደቷ 3 ኪሎ ከ200 የሆነ አንዲት ሴት ያለ መጥሪያ ደብዳቤ ተገኝታ፣ ድምፅዋን እስከ ኮሪደሩ ድረስ አሰምታለች። ሐሳብ መስጠት አትችይም ያላት የለም።

ጸሐፊ፦ ሀዲያ (አልጋ ቁጥር 2)