ውሃ የማያስገባው የውሃ መግቢያ

ላልመጣ እንግዳ በር የሚያሳምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጅግጅጋ ላይ ጎረቤቴ ነበር። ቧንቧው ከነፋስ በቀር ሌላ በማይተፋበት ሰፈራችን፣ ኢንጂነር ግርማ ጓሮው ውስጥ የዓሣ ኩሬ ቆፈረ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ለውሃው መግቢያ የሚሆን ገንዳ ሠራ፤ በሴራሚክ አስጊጦ፣ ቆሻሻ እንዳይገባ ወደ ኩሬው የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በድርብርብ ወንፊት ጠረቀመው።

ለምረቃው ውሃ በአህያ ጋሪ መጣ።

“ኩሬው ውስጥ ልገልብጠው?” አለ ባለጋሪው።

“በዲዛይኑ መሠረት ይግባ እንጂ!”

ምን ይግባ? ወንፊቱ ውሃውንም ከቆሻሻ ቆጠረው መሰለኝ፣ ጠብታ አላሳልፍ አለ። ገንዳው ግን ጢም ብሎ ሞላ። የሰፈሩ ፍየሎች ተግተልትለው መጥተው ይጠጡ ጀመር።

የፍየሎቹ ባለቤት እማማ ሐሊማ እጃቸውን ዘረጉ። “ወላሂ፣ ለከብቶቻችን እንዲህ ያሰበ ሰው አላየንም። አላህ ይስጥህ ልጄ!”

ኢንጂነሩ ክራቫቱን አስተካከለ። “አሜን! ዲዛይኑ መጀመሪያውኑም ለእነሱ ነው።”