የሙሀመድኑር ግንባር የተከለለበት ዜና

በዘመነ ቆፍያ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ይኸውም በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ ማጅራቱ ላይ ከሰፈረ ወዲህ ቆፍያውን ሳያወልቅ የኖረ፣ የከሚሴ ጨርቅ ነጋዴዎች አውራ፣ ሜትር የማያጎድል፣ መስታወት የሚሸሽ ሙሀመድኑር የባቲዋን ቅቤ ነጋዴ ዘይናን አጨ፤ ራሱን ያለ ቆፍያ ያየችው አልመሰለውም ነበርና፣ ያየች ዕለት ትተወኛለች ብሎ እጅግ ፈራ፤ ስለዚህም ዕቃ ሊያመጣ ወደ ኢስታንቡል ሲዘምት በዚያው ፀጉር ሊያስተክል ቆረጠ። የሐኪሙም ቃል በስልክ ደረሰ፦ «ፀጉሩ የሚጀምርበትን መስመር እናንተው ምረጡ፤ የተፈጥሮ ይምሰል፤ አንዴ ከተተከለ መመለሻ የለውም።»

ያን ጊዜም በፀጉር አስተካካዩ በጀይሉ ቤት ጉባኤ ሆነ፤ ሰባት የባጃጅ ነጂዎች፣ ሊላጩ የመጡ አራት ጢማሞች፣ አንድም የቀበሌ ጸሐፊ፣ እርሱም እኔ፣ ሙሀመድኑርን ተከትለን ገባን። ጀይሉ አወጀ፦ «ከቅንድቡ ሁለት ጣት ከፍ ይበልና የሃያ ዓመት ጎረምሳ ይሁን!» በጨፋ ሸለቆ ሠላሳ ዓመት የእርሻ ድንበር ያካለሉት ሼህ ኑርሁሴንም ገመድ አስመጥተው አወጁ፦ «ድንበር ቀጥ ካላለ ጠብ ያመጣል!» ገመዱንም ከጆሮ እስከ ጆሮ ወጥረው፣ ምልክቱ እንዳይጠፋ በሂና አሰመሩት። ወይ ጉድ! ሂና ከደረቀ እንደማይለቅ ያ ሁሉ ጢም ያበቀለ ሸንጎ አላሰበም። ቢታጠብ ቀላ፤ በሳሙና ቢታሽ ባሰበት፤ በመስታወትም ቢያይ ራሱ የተከደነ ድስት መሰለው።

በዚያችው ዕለት ዘይና የሰርግ ልብስ ልትመርጥ ከባቲ ደረሰች። ጀግናውም ቆፍያውን እስከ ዓይኑ ቢጎትተው ሜትሩን ማየት ተስኖት ጨርቁን አሳስቶ ቆረጠ፤ እርሷም ቆፍያውን ከራሱ አነሣች፤ እርሱ ዓይኑን ጨፈነ። ዘይናም በሱቁ ደጃፍ ቆማ አወጀች፦ «ያልሰማህ ስማ! ባለፈው ጥቅምት በባቲ ሰኞ ገበያ ነፋስ ቆፍያህን ወስዶት ከግመል እግር ሥር ስትፈልግ አይቼሃለሁ፤ ስቄም አልጠገብኩ። እሺ ያልኩህ ከዚያ በኋላ ነው፣ አብሽር! ደስ ካለህ ትከል፤ ይህን አጥር ተሸክመህ ግን ወላሂ አታገባኝም!»

የተረፈውንም ሂና አስመጥታ፣ ከስግደት ብዛት የወጣውን የሱጁዱን ምልክት እንዳይሸፍን ከፍ አድርጋ፣ በሁለቱም ጎን ወደ ኋላ ሰብራ፣ እዚህ ገባ እዚያ ወጣ እያደረገች የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ግንባር ሣለች። ሼህ ኑርሁሴንም አይተው፦ «ድንበሩስ ጠማማ ነው፤ ሰው ግን ይመስላል» ብለው ፈረዱ። ሙሀመድኑርም ሁለት መስመር ተሸክሞ ዘመተ፤ ሐኪሙ የላይኛውን ተከተለ፤ እርሱም መርፌውን ሁሉ «ያ ረቢ» እያለ ቻለ።

በዓመቱም ኒካህ ሆነ፤ ሙሀመድኑር በሕዝብ ፊት ራሱን ገልጦ ወጣ። ከከሚሴ እስከ ባቲ ከመጣው ሰርገኛ ፀጉሩን ልብ ያለ አንድ ስንኳ አልተገኘም፤ ሁሉም የጠየቀው ቆፍያው ወዴት ጠፋ ብሎ ነው፤ አማቱም አዝነውለት አዲስ ቆፍያ ገዝተው በእጃቸው ደፉለት።

እነሆ፣ የተፈጥሮ ይምሰል ተብሎ እንዲህ የመሰለለት ማን ነው? ሙሀመድኑር ነው፤ ግንባረ መልካሙ፣ መርፌ ታጋሹ፣ ስውር ድል የተቀዳጀው! ከእኛ ከጉባኤው ሰዎች ሌላ ድሉን ያወቀች ዘይና ብቻ ነበረች፤ እርሷም አዲሱን ቆፍያ እያቃናችለት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።