ያልጸደቀው የቤዝመንት በጀት

በዴንቨርና በኦሮራ፣ እንዲሁም በዙሪያቸው ለምትገኙ ሁሉ፦ የቤዝመንት በጀት የበላይ ጠባቂ፣ የምስማር ቆጣሪና የቅናሽ ኩፖን አሳዳጅ የሆኑት ክቡር አቶ ተክለሚካኤል፣ ቤታቸውን ከገዙ አምስተኛ ዓመታቸውን በያዙበት በዚህ በፈረንጆቹ 2017፣ ቤዝመንታቸውን፣ ማለትም ከቤታቸው ሥር ያለውን ምድር ቤት፣ ለማሠራት ያወጡት ዘጠነኛው የተሻሻለ በጀት አሁንም እንዳልጸደቀ በታላቅ ቆራጥነት ይገልጻሉ። በጀቱን የሚያረቁት እሳቸው ናቸው። የሚመረምሩት እሳቸው ናቸው። ውድቅ የሚያደርጉትም፣ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ እሳቸው ናቸው።

ይህን ዓይነት ሰው የማያውቅ የለም። ቤቱ ስትሄድ ገና አረፍ ሳትል "ና እስቲ፣ ታች ላሳይህ" ይልሃል። ታች ያለው ባዶ ኮንክሪት፣ የውሃ ማሞቂያና ጎማው የተነፈሰ የልጅ ብስክሌት ነው። እሱ ግን ሻወር ያያል፣ ሳሎን ያያል። "ይሄ ሲያልቅ" ይላል። አንተም "ውይ፣ ሲያልቅማ!" ብለህ ትወጣለህ። በዓመቱ ስትመለስ ብስክሌቱ እዚያው ነው።

አቶ ተክለሚካኤል ግን ከዚህ ተራ ሠራዊት ይለያሉ። እሳቸው ክፍሎቹን በሰማያዊ ፕላስተር ወለሉ ላይ አስምረዋቸዋል። መስመሩ ግድግዳ ነው፤ መስመሩ የተቋረጠበት በር ነው። ባለፈው ጥምቀት ሰሞን ቤት ሊባርኩ የመጡት ቄስ ጠበል እየረጩ ቀጥ ብለው ሲያልፉ፣ ክቡርነታቸው ክንዳቸውን ያዝ አድርገው፣

"አባታችን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በግድግዳ ነው የገቡት" አሏቸው።

ቄሱ ወደ ኋላ ተመልሰው በበር ገቡ። ይህ ሁሉ የሆነው በሹክሹክታ ነው። ክቡርነታቸው ቤዝመንታቸውን ሲያስጎበኙ ሁሌም በሹክሹክታ ነው። ሚስታቸው ዘርፈሽዋል "ሙዚየም መስሎታል" ትላለች።

ጥጉ ላይ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ምናሉ ይተኛል። ምናሉ ደሴ ላይ አስተማሪ የነበረ፣ አርባን ያለፈ፣ በዲቪ ከመጣ ስምንት ወር የሆነው ሰው ነው። ሌሊት ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚባለውን ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል፤ ቀን ይተኛል። ከእሱ በፊት አዶኒያስ የሚባል ልጅ ነበር፤ ከአዶኒያስ በፊት ደግሞ ከናይሮቢ የመጡ ባልና ሚስት። ሁሉም የሌሊት ሠራተኞች። ቤዝመንቱ እንደሆነ አልተሠራም፣ ሰው ደግሞ ማረፊያ ይፈልጋል፤ ታዲያ ምን ችግር አለው? ዘርፈሽዋል እንደዚያ ነበር የምታስበው።

ወደ በጀቱ እንመለስ። ክቡርነታቸው ከአየር ማረፊያ ሰው የሚያመላልሱ ሹፌር ናቸው። ቅዳሜ ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ወደ ጣውላና ምስማር መሸጫው ይሄዳሉ። አይገዙም። የዋጋ ወረቀቱን ፎቶ ያነሳሉ። ስልካቸው ውስጥ አንድ ሺህ ስምንት መቶ የዋጋ ፎቶ አለ። የአንድያ ልጃቸው የናዝራዊት ፎቶ አራት ሲሆን፣ በአንደኛው ላይ ከጀርባዋ የበር እጀታ ከነዋጋው ይታያል። ጣውላ ሰባት ሳንቲም ከጨመረ "ገበያው አብዷል፤ እንጠብቅ" ይላሉ። ሰባት ሳንቲም ከቀነሰ "እየወረደ ነው፤ እንጠብቅ" ይላሉ።

በሮቹን ለማግኘት ግን አልጠበቁም። ከሚታደስ ሆቴል በነጻ ያገኟቸው አራት በሮች ጋራዡን ይዘውታል፤ 214፣ 215፣ 217 እና "ለሠራተኞች ብቻ"። መኪናዋ ውጭ ታድራለች። ግንቦት ላይ እንቁላል የሚያህል በረዶ ወርዶ የመኪናዋን ጣሪያ ሲነቁረው ክቡርነታቸው በመስኮት እያዩ "በሮቹ ግን ተርፈዋል" አሉ።

ኮንትራክተሩ ዘውዱ ከሁለት ዓመት በፊት ሊለካ በመጣ ቀን የሆነውንማ ያልሰማ የለም።

"የኦሮራ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጋሼ" አለ ዘውዱ። "ወለሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ የቤዝመንት ግድግዳ ወለሉን አይነካም። ከላይ ተንጠልጥሎ ከሥሩ አንድ ኢንች ተኩል ክፍተት ይተዋል። ሕጉ ነው።"

"መሬት ላልነካ ግድግዳ ሙሉ ዋጋ ልከፍል?"

"እንደዚያ ነው የሚሠራው፣ ጋሼ።"

"ስንት ግድግዳ ነው ያለው? ዘጠኝ! በየግድግዳው አንድ ኢንች ተኩል! በል ደምረው!"

ተደመረ። ዐሥራ ሦስት ኢንች ተኩል መጣ። ክቡርነታቸው የዐሥራ ሦስት ኢንች ተኩል ግድግዳ ዋጋ እንዲቀነስላቸው ጠየቁ፤ ዘውዱም ሳቁን ዋጥ አድርጎ አርባ ዶላር ቀነሰ። ይህ በብዝበዛ ላይ የተገኘ ድል ሦስት ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሲተረክ ከረመ። ሥራው ግን አልተጀመረም።

"ዳድ፣ ጀስት ስታርት ኢት!" ትላለች ናዝራዊት፤ "አባዬ፣ በቃ ጀምረው" ማለቷ ነው።

"በጀቱ አልጸደቀም!"

ይህችን ነገር ብቻ ጮክ ብለው ነው የሚሏት። ያውም ምናሉ ለሥራ ሊወጣ ምሳ ዕቃውን ሲያስር ጠብቀው፣ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው።

ዘርፈሽዋል በዚህ ሁሉ ለመሳቅ ወገብ አልነበራትም። ዐሥራ አንድ ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ ሰው ስታነሳ፣ ስታገላብጥ፣ ስታስተኛ ወገቧ አልቋል። ሐኪሙ "ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳታነሺ" ብሏታል። እሷ የምታነሳው ሰው ነው፤ ቀላል ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ ቆረጠች። ቤዝመንቱን አሠርታ የሕፃናት መዋያ ትከፍታለች። ኮርሱን ጨርሳለች፣ የመጀመሪያ እርዳታ ወረቀቷን ይዛለች፣ አምስት እናቶች ልጆቻቸውን ሊያመጡላት ቃል ገብተዋል። የቀራት ክፍሉና በአደጋ ጊዜ ልጅ የሚወጣበት ሰፊ መስኮት ነው። ፈቃድ የምትሰጠው ሴትዮ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ መጥታ ታያለች። ያኔ ካልደረሰች አምስቱ እናቶች ሌላ ቦታ ይሄዳሉ፤ እሷም ወደ ማንሳቷ ትመለሳለች።

ግንቦት ሲያልቅ ዕቁብ ደረሳት። ዐሥራ አምስት ሺህ ዶላሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

"ይኸው። ጎደለኝ የምትለው ይሄው ነው አይደል? አጽድቅ!"

ክቡርነታቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ እስክሪብቶ አነሱና በበጀቱ ግርጌ አዲስ መስመር ጻፉ፦ "የድምፅ መከላከያ፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ።"

"የምን ድምፅ?"

"ድምፅ ነዋ።"

"ተክሌ፣ ሕፃናት ናቸው እኮ የሚመጡት! ዝም ያለ ሕፃን ካየህ ሐኪም ጥራ!"

"በጀቱ አልጸደቀም" አሉ፤ በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ብዙም አልወጣም።

በማግስቱ ክቡርነታቸው ሥራ ላይ ሳሉ ዘርፈሽዋል ዘውዱን ቤቷ ጠራችው። "ቀብድ ስንት ነው የምትፈልገው? እኔ እከፍላለሁ" አለችው።

ዘውዱ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው።

"ቀብዱንማ ጋሼ ከፍለውኛል፣ እትዬ ዘርፌ።"

"መቼ?"

"በለካሁ ቀን። ቀሪውንም ባንክ አስቀምጠውታል፤ አሳይተውኛል። ያኔ ታች የነበረው አዶኒያስ ነው። ዕቃዬን ይዤ ስመጣ ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁኝና 'ድምፅ የሌለው መዶሻ የለህም?' አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። 'ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ላይ ነው፤ ቀን ካልተኛ እጁን ይቆርጠዋል። ውጣ እንዳልለው ደግሞ የትም መሄጃ የለው' አሉ። ተመለስኩ። አዶኒያስ ቤት አግኝቶ ሲወጣ ጠሩኝ። ማክሰኞ ልጀምር፣ ሰኞ ምናሉን ከአየር ማረፊያ ይዘውት መጡ።"

"በጀቱስ?"

"በጀቱማ ካለቀ ሁለት ዓመቱ ነው። ፈርሜበታለሁ፤ ከነአርባ ዶላሩ። 'አልጸደቀም' የሚሉት እንግዳው ሥራ ያስቆመ እንዳይመስለው ነው።"

ዘርፈሽዋል ቤዝመንቱ ስላልተሠራ ነው ሰው የሚያርፍበት ብላ ነበር የምታምነው። ነገሩ ግልባጩ ነበር፤ ሰው ስላረፈበት ነው ያልተሠራው። የድምፅ መከላከያው ማን እንዲተኛ እንደሆነም አሁን ገባት። እኛም እንግዲህ በሰውዬው ቆጣሪነት አምስት ዓመት ጥርሳችን እስኪደርቅ የሳቅን ሁሉ፣ ስንቆጥር የከረምነው የተሳሳተውን ነገር ነው።

ይህ ማለት ግን ማረቻቸው ማለት አይደለም። ክቡርነታቸው ገና በሩን ሲከፍቱ ጠበቀቻቸው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ለሰውየው ታዝኚና ወገብሽን ትረሺዋለሽ ብዬ።"

"እና አንተ አስታወስክልኝ?"

በዴንቨርና በኦሮራ ታሪክ አቶ ተክለሚካኤል ለመጀመሪያ ጊዜ በጀታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለሚስታቸው ሰጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ምናሉ ጫጫታውን ሰምቶ፣ አንሶላውን ትከሻው ላይ እንደጣለ፣ ከታች ወጣ።

"እትዬ፣ እኔ ዛሬውኑ እወጣለሁ። መኪናዬ ውስጥም ቢሆን..."

"አንተ ዝም ብለህ ተኛ! ፎርክሊፍቱ ላይ ልትተኛ ነው?" አለችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "መዶሻው ሰኞ ይጀምራል። ምናሉም ይተኛል። ሁለቱም ይሆናል።"

"እንዴት አድርጎ? ቤቱ በሙሉ እኮ ነው የሚንቀጠቀጠው።"

"እሱን እኔ አጸድቃለሁ" አለችና ስልኳን አነሳች።

ስቴፕልተን ሰፈር ለሚኖረው ለወዳጃቸው ለአባይነህ ደወለችና ምናሉን ቀን ቀን ታች እንዲያስተኛላት ለመነችው። የአባይነህ ቤዝመንት ባር አለው፣ የግድግዳ ያህል ቴሌቪዥን አለው፣ ሁለት መኝታ ክፍል አለው። "ምንጣፉ አዲስ ነው፣ ዘርፌ" አላት። ሁለተኛው "ለባለቤቴ ልንገራት" ብሎ ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሳም። ሦስተኛዋ በሐምሌ እንግዳ ይመጣባታል። አራተኛው ውሻው ሰው አይወድም። አምስተኛው ስለ ሕዝባችን አንድነት ሩብ ሰዓት አስረዳት፤ ስድስተኛው እንደሚጸልይ ነገራት።

ሰባተኛው አንተ ነህ፣ አንባቢ። ሰውዬው አንሶላውን ይዞ ይመጣል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይተኛል፤ ትንሽ ያንኮራፋል። ስድስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የድምፅ መከላከያው አለለት። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ መዶሻው ሰኞ ነው። እና ያ አርባ ሺህ ፈጀብኝ እያልክ ኳስ ልናይ የጠራኸን ቤዝመንትህ፣ እስቲ እውነቱን ንገረን፣ ቀን ቀን ማን አለበት?