የአያ ደሴ ደበሎ

ቅርስ ወዳድ የሚባለውን ሰው ታውቁታላችሁ? ዓመቱን ሙሉ ገጠሬ እያለ የሚሸሸውን ነገር፣ የከተማ ልደት ሲደርስ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚያጨበጭብለት ነው። ደባርቅ የተቆረቆረችበትን ቀን ስናከብር የኮሚቴው ሰብሳቢ እንዲህ ያለው ሰው ነበር። ጸሐፊው ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ አልክድም።

ቡይት ራስ ከምትባለው የደጋ መንደር ሽማግሌውን አያ ደሴን ለምነን፣ የበግ ቆዳ ደበሏቸውን ለኤግዚቢሽኑ ተዋስን። እኔም "የጥንት አባቶቻችን ይለብሱት የነበረ። መንካት ክልክል ነው" ብዬ ጽፌ ትከሻው ላይ ለጠፍኩበት።

በበዓሉ ዕለት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አያ ደሴ በስስ ጋቢ እየተንቀጠቀጡ መጡና "እስቲ አንብብልኝ" አሉኝ። አነበብኩላቸው።

"የጥንት ያላችሁት እኔን ነው?"

ደበሏቸውን ከምስማሩ አውርደው ለበሱት።

"አባቴ፣ እሱ እኮ ቅርስ ነው፤ ይመልሱት!" አለ ሰብሳቢው።

"ሳልሞት ነው እንዴ የምትወርሱኝ?"

ይህን ብለው ሄደው ለክብር እንግዳው በተዘጋጀው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ሊያስነሳቸው የተላከው ጥበቃ አጠገባቸው ደረሰ፤ ትከሻቸው ላይ ያለውን አነበበና ተመለሰ። መንካት ክልክል ነው።

ሰብሳቢው "ሂድና ወረቀትህን ንቀል!" ብሎ ጮኸብኝ።

ምን በወጣኝ!