ለደረት ድምፅ የእንግሊዝ ስም

ለቅሶ ደርሰው እንግሊዝኛ ተምረው ተመልሰው ያውቃሉ? እኔ ተመልሻለሁ። እዚሁ ደብረ ታቦር አስናቀ የሚባል ወዳጅ አለኝ። መንገድ ላይ የለቅሶ ድንኳን ካየ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ዘው ብሎ ገብቶ የእንግሊዝኛ ቃል ይተነትናል። ምን ያድርግ? እንዲህ ጸጥ ብሎ የሚያዳምጠው ሰው ሌላ የት ያገኛል?

ባለፈው ቅዳሜ እኔ ቀድሜ ተቀምጬ ሳለ መጣ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ ጆሮውን አቀና።

«ይህን የታፈነ ድምፅ እንግሊዞች ‹ታድ› ይሉታል» አለ። ቃሉ ጥንት መግፋት ማለት እንደነበር፣ ስኮትላንዶች ለነፋስ ሽውታ እንደተጠቀሙበት፣ ከባድ ነገር ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ መጠሪያ የሆነው ኋላ እንደሆነ አብራራ። የቃሉን ቅድመ አያቶች እያነሣ ሲጥል፣ ሙት ዓመታቸውን የሚያወጣ ይመስል ነበር። ንፍሮ የዘገነ እጅ ሁሉ አፍ ሳይደርስ ቀረ።

ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«ልጄ፣ የቃሉን ዘር ማንዘር ነገርኸን። የሞቱትንስ ታውቃቸዋለህ?»

«ነፍስ ይማር፣ እማማ። ለመሆኑ ማን ናቸው?»

«የክርስትና እናትህ ናቸዋ! አስናቀ ብለው ስም ያወጡልህ! ታመዋል፣ ናና ጠይቃቸው ብለን ስንት ጊዜ ላክንብህ?»

አስናቀ ደረቱን ሲመታ ድምፁ ድንኳኑ ጥግ ድረስ ተሰማ። እኔም ክፉ ልቤ አላስችል ብሎኝ ጠበቅሁት፤ ያኛው ድምፅ ምን እንደሚባል ግን አልነገረንም።